ሙዚየም ለወሎ ሰው ምኑ ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን ሰብስቤ ቅርስ ላሳይ በተነሣሁ ቁጥር ወላጆች ጥያቄ ያዥጎደጉዱብኛል። ቡና ላይም እንደዚያው ነው። ገና አቦሉ ሳይቀዳ «ለመሆኑ ይሄ ሙዚየም የሚባለው ነገር ለእኛ ምን ይረባናል?» የሚል አይጠፋም። ደስ የሚለኝ ጥያቄ ነው። እስካሁን ደጋግሜ የመለስኩትን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። አንዳንዱ በሁለት መስመር ያልቃል። አንዳንዱ ግን ውስጤን የሚያንገበግብ ነውና ረዘም ብሏል።

ሙዚየም ያረጀ ዕቃ የሚቀመጥበት ቤት አይደለም እንዴ?

ዕቃማ መጋዘንም ያስቀምጣል። ሙዚየም ዕቃውን ከነታሪኩ ነው የሚያስቀምጠው። ማን ሠራው? ማን ያዘው? ምን ይሠራበት ነበር? እዚህስ እንዴት ደረሰ? ይሄ ካልታወቀ ጎራዴውም ብረት፣ መጽሐፉም ቆዳ ሆኖ ይቀራል።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ትንሽ የባህል ኤግዚቢሽን ተዘጋጅቶ ነበር። ጠረጴዛ ላይ አንዲት ጠቆር ያለች እንጨት ተቀምጣለች። ከላይ መያዣ አላት። ፊቷ ከመታጠብ ብዛት ልሟል። ከሥሯ ያለው ወረቀት «የእንጨት ሰሌዳ» ይላል። ሌላ ምንም የለም። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው አዩዋትና «ይቺማ ሎህ ናት!» አሉ። የቁርኣን ተማሪ የሚጽፍባት ማለታቸው ነው። ከዚያ ቆመው አስረዱን። ጥላሸቱን እንዴት እንደሚበጠብጡት፣ ብዕሩን ከመቃ እንዴት እንደሚቀርጹት፣ የተጻፈውን በቃል ከያዙ በኋላ ሎሁን አጥበው አዲሱን ክፍል እንዴት እንደሚጽፉ ነገሩን። ጣታቸው እንጨቷ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄድ ነበር።

ከኋላችን የቆሙ አንድ ቄስ ይሰሙ ኖሯል። «አባባ፣ የእኛም የብራና ቀለም እኮ ከጥላሸት ነው» አሉ። ሁለቱ ሰዎች ስለ ቀለም አበጣጠር ማውራት ጀመሩ። የእናንተ ስንት ቀን ይቆያል? ምን ትጨምሩበታላችሁ? ልጆቹ ክብ ሠርተው ያዳምጣሉ። እኔም ከተማሪዎቼ ጋር ተማሪ ሆንኩ። ወረቀቱን በማግስቱ ቀየርነው።

ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ፕራግ ላይ ለሙዚየም አዲስ ትርጉም አጽድቋል። ሙዚየም ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ማንንም የማያገል፣ ከማኅበረሰቡ ጋር አብሮ የሚሠራ ተቋም ነው ይላል። እነዚያ ሁለት አባቶች ትርጉሙን ሳያነቡ ሲሠሩበት አየሁ።

እሺ፣ ከብሔራዊ ማንነት ጋርስ ምን ያገናኘዋል?

አገሩን ሙሉ በሙሉ ያየ ሰው የለም። እኔ ሞያሌን አላየሁም። የሞያሌ ልጅም የሐይቅን ውኃ ላያይ ይችላል። ሁለታችንም አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ገብተን ድንቅነሽ ፊት ብንቆም ግን «የእኛ» እንላለን። እንግዲህ «የእኛ» የምትለው ቃል ከአፋችን የምትወጣበት አንድ ቦታ ያስፈልጋታል። ሙዚየም ከነዚያ ቦታዎች አንዱ ነው።

የድንቅነሽን ነገር ካነሣን አይቀር፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ስትገኝ ቦታው በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበር። ዛሬ አፋር ክልል ውስጥ ነው። ዕድሜዋ ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ይሄንን ለተማሪዎቼ ስነግር ዓይናቸው ይበራል። አንዱ «ስለዚህ ወሎዬ ናት?» ብሎ ጠየቀኝ። አፋርም ናት፣ ወሎዬም ናት፣ የሰው ልጅ ሁሉ ዘመድም ናት አልኩት። ካርታው በየዘመኑ ይለዋወጣል፤ እሷ እዚያው ነበረች።

ዓድዋም እንዲሁ ነው። የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም የካቲት 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ መሀል ፒያሳ ላይ ተመርቋል። ታሪኩ ግን ወሎን ሳይረግጥ አያልፍም። የውጫሌ ውል የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ አምባሰል ውስጥ፣ ይስማ ንጉሥ ላይ ነው። ጠቡን ያመጣው 17ኛው አንቀጽ ነው። ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል አማርኛው። ጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። በአንድ ቃል ምክንያት ያ ሁሉ ደም ፈሰሰ። ክተት ሲታወጅም ከመሰብሰቢያዎቹ አንዱ ወረኢሉ ነበር። «ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ» የሚለውን የማያውቅ ማን አለ? ግን ወረኢሉ ወሎ ውስጥ መሆኑን ልብ የማይሉ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። የአገር ታሪክ ከሩቅ የሚመጣ ነገር ይመስላቸዋል። በየሰፈራቸው ጓሮ እንዳለፈ ሲያውቁ አቋቋማቸው ራሱ ይለወጣል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሙዚየም መራጭ ቤት ነው። አንዱን ዕቃ መብራት ሥር ሲያስቀምጥ ሌላውን ጓዳ ይተወዋል። የንጉሡ ካባ ከታየና የሸማኔው መወርወሪያ ካልታየ፣ አገር ማለት ንጉሥ ብቻ ይመስለናል። ስለዚህ ሙዚየም ስትገቡ ያለውን ብቻ አትዩ። «ማን ቀረ?» ብላችሁም ጠይቁ።

የወሎ ቅርስ ብዙው ታዲያ የት ነው ያለው? ለምን እዚህ አናየውም?

ይሄ ጥያቄ ሲነሣ ድምፄ ይለወጣል ይሉኛል። እውነታቸውን ነው።

መቅደላ ዛሬ ደቡብ ወሎ ውስጥ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጅ አልሰጥም ብለው እዚያ አምባ ላይ ራሳቸውን ገደሉ። የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘርፎ አቃጠለው። የተዘረፈውን ለመጫን 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈልገዋል። ከዚያ ደላንታ ሜዳ ላይ ጨረታ ወጣ። የቤተ ክርስቲያን ጽዋ፣ መስቀል፣ ብራና ሁሉ እንደ ገበያ ዕቃ ተጫረተ። ገንዘቡም ለወታደሩ ተከፋፈለ።

ከጦሩ ጋር የመጣ አንድ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ነበር። ሪቻርድ ሆልምስ ይባላል። እሱም እየተዘዋወረ ለሙዚየሙ ይገዛ ነበር። ከመቅደላ ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት እዚያው ለንደን ገብተው ቀሩ። አክሊልና የወርቅ ጽዋው ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ውስጥ ነው። ይሄን የምነግራችሁ ሙዚየም የሚባለው ሁሉ ንጹሕ ቤት ነው ብዬ ልዋሻችሁ ስለማልፈልግ ነው። ሙዚየም የሰውን ማንነት ይጠብቃል። የሰውን ማንነት ገዝቶ የሚወስድም ሙዚየም ነበር።

ትንሽ ትንሽ ተመልሷል። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ እንግሊዝ በሄዱ ጊዜ አንድ ዘውድ ተመለሰ። በ1994 ዓ.ም. ኤድንብራ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የተገኘ ታቦት መጣ። መጋቢት 2011 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ የፀጉር ቁራጭ ተመለሰ። ብዙው ግን አሁንም እዚያው ነው። ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ 11 ታቦታት አሉ። ታቦት የሚያየው ካህን ብቻ ነውና ሙዚየሙ ራሱ ለሕዝብ አያሳያቸውም። ማንም የማያያቸው፣ ማንም የማይሳለማቸው ሆነው ተቆልፈዋል። ለማን ነው የተቀመጡት? እስቲ እናንተው መልሱልኝ።

መቅደላ ላይ ሳይወሰድ የቀረ አንድ ነገር አለ። የቴዎድሮስ ትልቁ መድፍ፣ ሴባስቶፖል ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ተሠርቶ፣ ዳገት ቁልቁለቱን በሰው ጉልበት ተጎትቶ ነው አምባው ላይ የወጣው። ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይደርሳል። ዛሬም እዚያው ሜዳው ላይ አለ። አምባው ላይ በጠዋት ብትደርሱ ሣሩ በጤዛ ይረጥባል። እጃችሁን መድፉ ላይ ብታሳርፉ ቅዝቃዜው እስከ ክንዳችሁ ይዘልቃል። ምንም መስታወት የለም፣ ምንም ገመድ የለም። ያን የጎተቱት ሰዎች ስማቸው አልተጻፈም። ከሥሩ ቆሜ ሁልጊዜ የማስበው እነሱን ነው። አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ቅጂው ነው። በዚያ በኩል ስታልፉ ዋናው ወሎ እንዳለ አስታውሱ።

«እናንተ መጠበቅ አትችሉም» ለሚሉንስ ምን እንመልስ?

ሐይቅ እስጢፋኖስን እንመልስላቸው። የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ ነው። ከ700 ዓመት በላይ በዚያ ገዳም ተጠብቆ ኖሯል። ስንት ጦርነት፣ ስንት ረሃብ፣ ስንት እሳት አለፈበት! መነኮሳቱ የሌባ ማንቂያ ደወልና ካሜራ አልነበራቸውም። እምነት ነበራቸው። የላሊበላ 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናትም ዩኔስኮ በ1970 ዓ.ም. ከመመዝገቡ በፊት ስምንት መቶ ዓመት ያህል በካህናቱ እጅ ነበሩ።

ይሄን ብዬ ግን የራሳችንን ቁስል አልሸፍንም። መጋቢት 1989 ዓ.ም. ከላሊበላ «አፍሮ አይገባ» የተባለው የወርቅ መስቀል ተሰረቀ። ቤልጅየም ድረስ ተሸጦ በ1993 ዓ.ም. ተመለሰ። ሕዝቡ ያን ጊዜ ያለቀሰው ልጁ እንደጠፋበት ሰው ነው። ሲመለስም እልል ያለው እንደዚያው ነበር።

የደሴ ሙዚየምም አለ። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው ቤት ነው። እኔም ብዙ ተማሪ ይዤ ገብቼበታለሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ሙዚየሙ ተዘረፈ፣ ተሰባበረም። ወሬውን የሰማሁ ዕለት መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ወርቁ አልነበረም። የአራተኛ ክፍል ልጅ ሆና አንዲት ተማሪዬ ሥዕሉን ደብተሯ ላይ የሣለችው የቀንድ ዋንጫ ነው ትዝ ያለኝ። ዋንጫው ጠፍቶ ሥዕሉ ቀረ።

ስለዚህ መልሴ ይሄ ነው። ጦርነት የትም ቢሆን ሙዚየም ያፈርሳል። አውሮፓ ውስጥም አፍርሷል። የጠፋበት ሰው ደግሞ ባለቤትነቱ አይሰረዝም። እኛ ላይ የተጫነው ሥራ መመዝገብ ነው። እያንዳንዱን ዕቃ ፎቶ ማንሣት፣ መለካት፣ ስሙንና ታሪኩን መጻፍ፣ ቅጂውን ሌላ ቦታ ማስቀመጥ። የተመዘገበ ዕቃ ቢሰረቅም ዓለም ላይ እንደ ልቡ ሊሸጥ አይችልም። ያልተመዘገበ ግን በተሰረቀ ማግስት የሌባው ነው።

የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ቅርስ በአንድ ጣሪያ ሥር ሊቀመጥ ይችላል?

ወሎ ውስጥ? ሰዎቹ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖሩ የለ እንዴ! አንዱ ወንድም መሐመድ፣ ሌላው ገብረ ሥላሴ የሆነበትን ቤት እዚህ አገር ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የዒድ ዕለት ማን ማን ቤት እንደሚሄድ፣ የገና ዕለት ማን ለማን ሌማት እንደሚልክ እናውቃለን።

ደሴ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ትልቅ የግብር አዳራሽ አለ። አይጠየፍ ይባላል። ስሙ ራሱ ይናገራል። የከተማችን ሰዎች ሲያስረዱት ድሃና ሀብታም፣ ሙስሊምና ክርስቲያን ሳይለይ ሁሉ የሚገባበት፣ ማንም ማንንም የማይጠየፍበት ቤት ነው ይላሉ። ሙዚየም ምን መምሰል አለበት ብላችሁ ብትጠይቁኝ ወደዚያ አዳራሽ ነው የምጠቁማችሁ።

ግን መዋደዳችንን ብቻ አናሳይ። ይሄን አጥብቄ እናገራለሁ። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ ላይ ዐፄ ዮሐንስና ምኒልክ ያሉበት የሃይማኖት ጉባኤ ተካሄደ። ከዚያ በኋላ የወሎ ሙስሊም መኳንንት እንዲጠመቁ ተደረገ። መሐመድ አሊ ይባሉ የነበሩት መስፍን ስማቸው ሚካኤል ሆነ። አይጠየፍን ያሠሩት ራሳቸው ናቸው። ብዙ ሰው ግን ሳይወድ ተጠመቀ። ብዙው ተሰደደ። ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር እምቢ ካሉት ዑለሞች አንዱ ናቸው። ይሄ ታሪክ በወሎ ቤቶች ውስጥ አሁንም በሹክሹክታ ይነገራል። በአያት ስም ላይ ሁለት ስም የምታገኙት ለዚህ ነው።

ሙዚየም ይሄን በግልጽ ቢያስቀምጠው ምን ይመጣል? አንዳንድ ሰው ጠብ ይጭራል ብሎ ይፈራል። እኔ የማየው ሌላ ነው። ክፍል ውስጥ ቦሩ ሜዳን ሳስተምር ልጆቹ መጀመሪያ ዝም ይላሉ። ቀጥሎ አንዱ «የአያቴም አባት እንዲያ ናቸው» ይላል። ሌላውም ይቀጥላል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የአንድ ታሪክ ሁለት ጫፍ ይዘው ያገኙታል። የተደበቀው ነው እንጂ የተነገረው አላጣላንም።

ሁለቱን ጎን ለጎን አሳዩ። ሎህና ብራና፣ መቁጠሪያና ተስቢህ፣ ከበሮና ድቤ። የጃማ ንጉሥን መውሊድና የግሸንን ንግሥ በአንድ ክፍል ፎቶ አንሥታችሁ ስቀሉ። የሾንኬን የድንጋይ ቤቶች ከላሊበላ ዐለት ጋር አነጻጽሩ። ጎብኚው ራሱ ይናገራል፤ አስጎብኚው ብዙ ማስረዳት አይጠበቅበትም።

ታቦትና መስቀል፣ የመስጊድ ኪታብስ ሙዚየም መግባት አለበት?

አገልግሎት ላይ ያለ ንዋይ ቦታው መቅደሱ ነው። የሚያስፈልገው ባለበት መመዝገብና መጠበቅ ነው። ቤተ ክርስቲያኑም ሆነ መስጊዱ ራሱ ትንሽ ማሳያ ክፍል ቢኖረው ደግሞ እሰየው። ሳይፈቅዱ መውሰድ ግን፣ በመንግሥት መኪናም ቢሆን፣ ከመቅደላው በምን ይለያል?

ረሃቡስ? እሱም በሙዚየም ይታይ?

ይታይ። ይሄን ስል የሚቆጡኝ አሉ። «ወሎ ሲባል ረሃብ ብቻ ነው እንዴ የሚታወሰው? ይብቃን» ይሉኛል። ንዴታቸው ይገባኛል። በ1977 ዓ.ም. ያኔ ወሎ ውስጥ ከነበረችው ኮረም የወጣው ምስል ዓለምን ዞረ። ያ ምስል ብዙ ሕይወት አተረፈ። በዚያው ልክ ስማችን ላይ ተለጠፈ። ውጭ አገር የሄደ ዘመድ «ከየት ነህ?» ሲሉት «ከወሎ» ለማለት የሚሳቀቅበት ዘመን ነበር።

ነገር ግን ያ ታሪክ የእኛ ነው። እኛ ካልነገርነው ሌላው በገዛ መንገዱ ይነግረዋል። የ1965ቱንና የ1966ቱን ረሃብ አስታውሱ። መጀመሪያ ተሸፋፈነ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ተቆራርጦ በቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። የወሎ ሰው ሥቃይ የአንድ መንግሥት መውደቂያ ሆነ። በፊልሙ ላይ የታዩት ሰዎች ስም ግን የት አለ? ማን ጠየቃቸው? ከዚያ በኋላስ ምን ሆኑ?

እኔ የምመኘው የረሃብ ክፍል የሞቱትን አስከሬን የሚያሳይ አይደለም። ስማቸውን የሚያነብ ነው። የተረፉት እናቶች ድምፅ ቢቀዳ። የእርዳታ ካርድ፣ ያቺ ልጅ የተመገበችበት የቆርቆሮ ኩባያ፣ ወደ ሠፈራ የሄደ ወንድም የላከው ደብዳቤ ቢቀመጥ። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ቆሎ እንዴት እንደተካፈለም ይነገር። የእኔ እናት «እንትና ባይኖር እናንተ አትኖሩም ነበር» እያለች ያደገችበትን ቤት ስም ታነሣለች። ይሄም ቅርስ ነው። ያወቁትን የሚነግሩን ሰዎች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። በዚህ ላይ መቸኮል አለብን።

መንዙማና ትዝታ መስታወት ውስጥ ይገባል ወይ?

አይገባም። ግን ይቀዳል፣ ይሰማል። ከአራቱ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታዎችን ስም የያዙ ናቸው። ልጆች ቅኝቱን ሲሰሙ ቦታውን ማወቅ አለባቸው። ሙዚየም ውስጥ አንድ ጥግ ላይ የጆሮ ማዳመጫ ቢኖር፣ አጠገቡ አንድ ክራር ቢሰቀል፣ አንድ ድቤ ቢቀመጥና ልጅ እንዲመታው ቢፈቀድለት ምን ቸገረ?

እናቴ አልተማረችም። ሙዚየም ምን ይሠራላታል?

ውሰዷት። ወፍጮውና ሙቀጫው ጋ ስትደርስ አስጎብኚዋ እሷ ናት። መጁን እንዴት እንደሚወቅሩት፣ ስንት ቁና በአንድ ሌሊት እንደምትፈጭ፣ ስትፈጭ ምን እንደምታንጎራጉር ትነግራችኋለች። በልጅነቷ ወፍጮ ሥር ያሳለፈችው ሌሊት ታሪክ ተብሎ ሲቀመጥ ማየቷም ለእሷ ቀላል ነገር አይደለም።

ቤታችን ውስጥ የአያቶቻችን ዕቃ አለ። ምን እናድርገው?

መጀመሪያ አትሽጡት። ቤት ለቤት እየዞረ «አሮጌ መጽሐፍ አለ? መስቀል አለ? ማርትሬዛ አለ?» የሚል ሰው ቢመጣ ቡና አጠጥታችሁ ሸኙት።

ሕጉ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። ቅርስ በግለሰብ እጅ መኖሩን አይከለክልም። ባለቤቱ ማስመዝገብና መንከባከብ ግን አለበት። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። መሠረት ስትቆፍሩ ወይም እርሻ ላይ ያገኛችሁት ጥንታዊ ነገር ካለም ማሳወቅ ግዴታ ነው። የወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ዘንድ ሂዱ። ማስመዝገብ ማለት አስረክቡ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ይሄን ስለሚያምታታ ይደብቃል።

ከዚያ ጎን ለጎን የራሳችሁን ሥራ ሥሩ። ዕቃውን በቀን ብርሃን ፎቶ አንሡት። ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ጽሑፍ ካለበት ጽሑፉን። ብራናን በቅባት አትወልውሉት። ብርን በአመድ አትፈትጉት። ጭስ ካለበት ማጀትም አታስቀምጡት። አይጥና እርጥበት ዋና ጠላቶቹ ናቸው። ከሁሉም በላይ ግን አያታችሁ በሕይወት ካሉ ስልካችሁን ከፍታችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። «አባባ፣ ይሄን ማን ሰጠዎት?» ብቻ በሏቸው። ቀሪውን እሳቸው ይጨርሱታል።

ልጆች ይዤ ስሄድ ምን ላድርግ?

ከመሄዳችሁ በፊት ክፍት መሆኑን ጠይቁ። ግንቦት 10 ዓለም አቀፍ የሙዚየም ቀን ነው፤ ብዙ ቦታ ዝግጅት አይጠፋም። ሁሉንም ለማየት አትሩጡ። አንድ ዕቃ ምረጡና ከፊቱ አሥር ደቂቃ ቁሙ። ልጁ ይሣለው። ከዚያ ማታ ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ ለአያቱ ያሳያት። እኔ ለተማሪዎቼ የምሰጠው የቤት ሥራ ይኸው ነው። ባለፈው ጊዜ አንዱ የሣላትን ረከቦት ለአያቱ ሲያሳያት «እግሯን አሳጠርካት፤ የእኛ ረዘም ትል ነበር» አለችው አሉ። በማግስቱ አስተካክሎ መጣ። ከሥሯም የአያቱን ስም ጻፈባት።